የደራሲ ጉርሻ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሰገነትን ምግብ ቤት የማያውቅ የለም፤ ቤቱን ባያውቅ እንኳ ድምጿ ከመንገዱ ማዶ ይሰማዋል። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ጣሊያናዊ ይመጣል፤ ኦታቪዮ ይባላል። ሽሮ ያዛል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ከዚያ ጥያቄውን ይጀምራል።

«ታሪኩ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ነው፣ ፍሎረንስ ውስጥ» አላት በመጀመሪያው ቀን። «መስፍኑ ወንድሙን መመረዝ አለበት። ግን ምግቡን ሁሉ ቀድሞ የሚቀምስ አሽከር አለ። መጽሐፉ እዚህ ላይ ተገትሮ ቀረ።»

ሰገነት ደስታዋ ሌላ ነው። ደራሲ ደንበኛ ኖሯት አያውቅም፤ ያሏት የታክሲ ሾፌሮችና «ጨው በዛ» የሚሉ ዲያቆናት ናቸው።

«ኖ ፕሮብሌም!» አለችው። «ያጉርሰዋ! ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ በእጁ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ። ጉርሻን ማን ቀድሞ ይቀምሳል? እምቢ ማለትም ነውር ነው።»

ጣሊያኑ ቃሏን በሙሉ በስልኩ ቀዳ። በየሳምንቱም ጥያቄ ጨመረ። በርበሬ መራራ ነገር ይሸፍናል? ጉርሻው ምን ያህል ይተልቃል? ሰገነት ሁሉንም መለሰች፤ ያላወቀችውንም መለሰች።

በአራተኛው ሐሙስ «በሚቀጥለው ከባለቤቴ ጋር ነኝ» አለ። «ጉርሻን በዓይኔ ካላየሁ ብላለች።»

ሰገነት ኩሽና ገብታ ደረቷን ያዘች።

«ገሊላ! ሚስቱን ሊገድላት ነው! ያስተማርኩት ደግሞ እኔ!»

«እትዬ ሰጊ፣ ሰውየው እኮ መጽሐፍ ነው ያለሽ» አለች አስተናጋጇ ገሊላ። «ካልሆነ ፖሊስ ኮል አድርጊ።»

«ምን ልበላቸው? ሰውየው ሽሮ አዘዘ ልበል? ተይው፣ እኔ አለሁላት።»

ሐሙስ ደረሰ። ሚስቱ ሊቪያ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ንፋስ የሚወስዳት ሴት ናት። ሰገነት ገና ስታያት አንጀቷን በላቻት።

ኦታቪዮ ጠቅልሎ እጁን ወደ ሚስቱ አፍ ዘረጋ። ሰገነት በዚያ ግዙፍ ሰውነቷ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ጉርሻውን ከአየር ላይ ቀለበችው።

«ፀጉር አለበት!» አለች፤ ወስዳም ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያት። የጀመረችውን መጨረስ ነበረባት። «ደግሞ ባህላችን ሴት ትቀድማለች ነው!» ብላ ባህል ፈጠረች። «አጉርሺው የኔ እህት፣ አይዞሽ፤ አንቺ አጉርሺው!»

ሊቪያ ፈራ ተባ አለች። ከቦርሳዋ መሐረብ አወጣች፣ ጣቶቿን ቀስ ብላ ጠራረገች፣ ጠቀለለች። ኦታቪዮ እየሳቀ አፉን ከፈተ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ጮኸች ሰገነት። «ድገሚው!»

ሊቪያ ደገመችው። ቤቱ አጨበጨበ። ሰገነት አንዲት ነፍስ ያተረፈች ሰው አረማመድ እየተራመደች ወደ ኩሽና ተመለሰች።

በሳምንቱ ሐሙስ በኦታቪዮ ፈንታ ፖሊስ መጣ። ሰውየው ባለፈው ሐሙስ ከዚህ ወጥቶ፣ ፓሳዴና ያለው ቤቱ ሳይደርስ ሞቷል፤ መርዝ ነው።

«አላልኩሽም?» አለች ሰገነት ገሊላን በክርኗ እየጎሰመች። ወደ ፖሊሱም ዞረች። «ለሚስቱ ያዘጋጀው ነው ራሱን የያዘው! ኦፊሰር፣ እኔ ባልደርስላት ያ ደራሲ ጨርሷት ነበር!»

ፖሊሱ ከማስታወሻው ቀና አለ።

«ሟቹ አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም» አላት። «ደራሲዋ ሚስቱ ናት።»