ጓሮውን ምን ያደርጉበታል?

ደላላው ያንን አፓርታማ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሊያሳይ ነው። ምድር ላይ ያለ፣ ሦስት መኝታ ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ የግሉ ጓሮ ያለው። እንዲህ ያለ ቤት በሳምንት ይሸጣል። ይኸኛው አራት ወር አልፎታል።

ጥፋቱ የሻጩ ነው። ቤቱ የታናሽ ወንድሙ ነበር። ወንድምየው ከሦስት ዓመት በፊት የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሻጩ ከሌላ ከተማ መጥቶ ቁልፉን ተረከበ፤ ወለሉን አስፈነቀለ፣ የማድ ቤቱን ከፍ ያለ ደፍ አስነስቶ ወለሉን እኩል አስደረገ፣ ግድግዳ አስፈርሶ እንደገና አሠራ። ጎረቤት መቼም አፉን አይዘጋም። "ለቤቱ ሲል ራሱ ነው የበላው" አሉ።

ደላላው ሐሜት አይወድም፤ ጆሮውን ግን አይደፍንም።

ሻጩን ባየ ቁጥር ይፈራዋል። ሰውየው ከእድሳቱ ወዲህ ጥቁር ለብሷል። ፊቱ ላይ ሐዘንም ደስታም የለም፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ በቃ። አንድ ቀን ብቻ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ወንድሜን ማን እንደነካው ሳላውቅ እንቅልፍ የለኝም" አለ፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። ደላላው አላመነውም።

ማስታወቂያውን ያስጻፈው ራሱ ሻጩ ነው፦ "ጓሮው ተቆፍሮ የመዋኛ ገንዳ ይወጣዋል።" የመጣውን ገዢ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። ጓሮውን ምን ያደርጉበታል? ገንዳ ያለም፣ መኪና ማቆሚያ ያለም፣ ካሮት እተክላለሁ ያለው ሽማግሌ እንኳ ሳይቀር፣ አልሸጥም እየተባለ ተመለሰ።

"እንዳይቆፈር ፈርቶ ነው" አላት ደላላው ለሚስቱ።

"ታዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?"



ዛሬ የመጣችው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናት። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ጽድት ያለች፣ ዝምተኛ። "ሰፈሩን ገና ዛሬ ማየቴ ነው" አለች ከመኪናዋ ስትወርድ።

ሳሎን ውስጥ ያው ቀለም ቀቢ ያንኑ ግድግዳ ይቀባል። ደላላው በመጣ ቁጥር እዚያው ነው።

"ይሄ ሰውዬ በዚህ ፍጥነቱ ጡረታ የሚወጣው እዚሁ ነው" ብሎ ቀለደ። ሴትየዋ አልሳቀችም። ቀለም ቀቢውም አልሳቀም።

ወደ ማድ ቤት ስታልፍ ልሙጡ ወለል ላይ፣ ደፍ እንደሚሻገር ሰው፣ እግሯን ከፍ አድርጋ ተራመደች። ጫማዋ ጠቧት ይሆናል ብሎ ደላላው አለፈው።

ሻጩ ጓሮ ቆሞ ጠበቃቸው። ሣሩ ለምለም ነው፤ የአጥሩ ጥግ ላይ ያለው ከሌላው አዲስ ይመስላል። ሴትየዋ ወደዚያ አላየችም።

"ጓሮውን ምን ያደርጉበታል?"

"ምንም። እንዳለ ይቀመጥ።"

"አበባም አይተክሉም?"

"አካፋ የሚባል አይገባበትም። ከፈለጉ ውሉ ላይ ይጻፍ። ያሉትን ዋጋ ዛሬውኑ እከፍላለሁ።"

ደላላው ደስ ሊለው ሲገባ ደስ አላለውም። ሰውየው የሚፈልገውን አገኘ። ምስጢሩን ከነቤቱ ለዚች ምስኪን ሊያሸክማት ነው። አዘነላት፤ ጠጋ ብሎም አንሾካሾከ።

"እትዬ፣ ትንሽ ያስቡበት። ስለዚህ ቤት የሚወራ ነገር አለ።"

"እኔ የምገዛው ቤት ነው፤ ወሬ አይደለም" አለችው።

ሻጩ ውሉን ዘርግቶ እስክሪብቶ አቀበላት። ፈረመች።  ከኋላቸው ቀለም ቀቢው ብሩሹን አስቀምጦ መውጫውን ዘግቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ስለ ጓሮው አይስጉ" አላት ሻጩ በዚያው ደረቅ ድምፁ፤ "አራት ወር የጠበቅሁት እንዳይቆፈር የሚለውን ሰው ነው። ወንድሜን በእድሳቱ ጊዜ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ከዚያ ጥግ አውጥተን ቀብረነዋል።"