የኋላው ወደብ

ታላቅ ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ የዓለም ካርታ የምንጫወተውን የጦርነት ጨዋታ ሲያስተምረኝ ሁልጊዜ ትልቁን አገር ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ምክሩም አይለወጥም፦ «መጀመሪያ ፋብሪካ ትከል፣ ጦርህን አትበታትን፣ የኋላ ወደብህን ደግሞ ባዶ አትተው። ትልቅ ነኝ ያለ ሁሉ የሚመታው በጓሮው ነው።»

የቤታችን ደንብም ነበረን። ፊት እያዩ መጫወት ክልክል ስለሆነ ተራው ያልደረሰ ሰው ኩሽና ገብቶ ይጠብቃል። እሱ እዚያ ሆኖ ሻዩን እያማሰለ ያጣድፈኝ ነበር። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ እንኳ «አንተ ልጅ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ከቀበርነው ወዲህ ለሁለት እጫወታለሁ። የራሴን ጦር አንቀሳቅሼ ኩሽና እገባለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስና የእሱን አንቀሳቅሳለሁ። እህቴ ስትደውል «አንተ ሰውዬ፣ ከግድግዳ ጋር ከምትፋለም እኛ ጋ ና!» ትለኛለች። እስቃለሁ እንጂ አልሄድም።

እሁድ ከሰዓት ታንኮቼን በሙሉ ወደ ድንበር ገፋሁና ኩሽና ገብቼ ሻይ አፍልቼ በብርጭቆ ቀዳሁ። ስመለስ የእሱ መርከቦች ቦታቸው ላይ አልነበሩም። ባዶ በተውኩት የኋላ ወደቤ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። የቤቱ በር ከውስጥ እንደቆለፍኩት ነው።

ቁጭ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ተራው የእኔ ነው። ታንኮቼን ልመልስ እጄን ስዘረጋ፣ ከኋላዬ ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ሰማሁ።

«ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ ልጅ! ሻይህ ቀዘቀዘ።»