ሳክስፎኑ ሲገባ

ሳክስፎኑ ገና አልገባም። ሹፌሩ ከወርቅ ቤቱ ማዶ መኪናዋን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ካሴቱን ብቻ እየሰማ ይጠብቃል። በጠራራ ፀሐይ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ መኪና ዓይን ይስባል፤ የእነሱ ሥራ ደግሞ ዓይን አይወድም።

ሰዓታቸው አንድ ዘፈን ነው። ዘፈኑ ሲጀምር ታናሽ ወንድሙ ይገባል፤ ያንኑ ዘፈን በልቡ እያዜመ ወርቁን ይሰበስባል። ሳክስፎኑ ሲገባ እሱ ይወጣል፣ መኪናዋም በሩ ላይ ትደርሳለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሠርተው አንድም ቀን አልከሸፈባቸውም።

ሹፌሩን የሚያሰጋው የወንድሙ ችኮላ ነው። ድራም መቺ ነበር፤ ምት እያፈጠነ ከሁለት ባንድ ተባሯል። ችኩሌ የሚል ስም ያወጡለትም እዚያ ነው። እናታቸውማ "ከሆዴም ቸኩሎ ነው የወጣው" ትል ነበር። ዛሬ ጠዋት እንኳ ጫማውን እያሰረ፣ "ጋሼ፣ ይቺ የመኪናዋ ባትሪ ደክማለች፤ ቀይራት አላልኩህም?" ቢለው፣

"አንተ ምትህን ጠብቅ! የባትሪው ነገር ምን አገባህ!" ብሎ አፉን አስያዘው።

ዘፋኙ ዛሬ ድምፁ ወፈር ብሏል። ይሄ ዘፈን እንዲህ ሆድ የሚያባባ መሆኑን ሹፌሩ ልብ ብሎት አያውቅም። ደስ አለው፤ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

ተኩስ ተሰማ።

ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሆዱን ይዞ፣ መኪናዋ ልትቆምበት የሚገባውን ባዶ ቦታ ያያል። ከጀርባው ዘበኛው ሽጉጡን እንደደገነ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ጠመዘዘ፤ ሞተሩ በስንት መከራ ተነሳ። ደርሶ በሩን ሲከፍትለት ችኩሌ የኋላ ወንበር ላይ ተዘረረ።

"ምነው! አንዴ እንኳ ብትታገሥ ምናለበት!" አለ ሹፌሩ፣ ጎማ እያስጮኸ።

"ጋሼ… ሳክስፎኑ ላይ ነው የወጣሁት።"

"ሳክስፎኑ መቼ ገባና!"

ሁለት የፖሊስ ሞተር ሳይክሎች ተከተሏቸው። መደበቂያቸው በግራ፣ ሆስፒታሉ በቀኝ ነው። በቀኝ ታጠፈ። እኔን ይያዙኝ፣ እሱ ብቻ አይሙትብኝ አለ በልቡ።

ያኔ ነው ጆሮው የነቃው። ሞተሩ ከተነሳ ወዲህ የዘፋኙ ድምፅ ቀጥኗል፣ ምቱም ፈጥኗል፤ ዱሮ እንደሚያውቀው ሆኗል። ለካ ያ ሁሉ የወፈረ ድምፅ የደከመው ባትሪ ካሴቱን እየጎተተበት ነው! ችኩሌ ልክ ነበር። በዕድሜው አንድ ቀን ምቱን ጠብቆ ቢወጣ፣ የዘገየው ታላቅ ወንድሙ ሆነ።

የወንድሙ ጣቶች የሹፌሩን ወንበር ጀርባ ይመታሉ። ከዘፈኑ ጋር እኩል ናቸው፤ በጀርባው ይሰሙታል።

"ቸኮልኩ እንዴ፣ ጋሼ?"

"አልቸኮልክም! ልክ ነበርክ፣ የኔ ወንድም! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰማኸኝ? የኔ ነው!"

ሳክስፎኑ ገባ። ሹፌሩ ከጀርባው የጠፋበትን የጣቶቹን ምት ለመስማት ካሴቱን ቀነሰው። ከዚያ አጠፋው።