ባሕርህ ዛሬስ ምን አለ?

ገነነ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ራዲዮ ሲጠግን ሃያ ዓመት አልፎታል። አንድ ደንበኛ ጥሎበት የጠፋ አሮጌ ራዲዮ አለው። ከየት እንደሚስበው እንጃ፣ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን አንዲት ሴት ረጋ ባለ ድምፅ ለባሕር ጠረፍ ነዋሪዎች የአየር ትንበያ ታነብበታለች።

ጎረቤቱ እትዬ አልጋነሽ በርበሬ ሊያሰጡ በወጡ ቁጥር ይጠይቁታል፤

«ባሕርህ ዛሬስ ምን አለ?»

«ማዕበል አለ ብሏል፤ ጀልባዎን እንዳያወጡ» ይላቸዋል፤ ይሳሳቃሉ።

ዛሬም የኅዳር ፀሐይ ቦግ ብሎ ወጥቷል። እትዬ አልጋነሽ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሸራቸውን አንጥፈው ዛላቸውን ሲበትኑ ራዲዮው ጀመረ።

«ውኃው ጊዮርጊስን አልፎ ወደ ዶሮ ማነቂያ እየወረደ ነው። በርበሬ የሚያሰጡት እናት ሸራቸውን ትተው ይግቡ።»

መፍቻው ከገነነ እጅ ወደቀ።

«ባሕርህ ዛሬስ ምን አለ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ ከውጭ።

ገነነ ሊያስገባቸው ከወንበሩ ተነሣ። እየተደነቃቀፈ ወጣ።

ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፤ መንገዱም አቧራ። ሸራው እንደተነጠፈ ነው፤ እትዬ አልጋነሽ ግን የሉም። በርበሬው ውኃ ያንጠባጥባል። አንዱን ዛላ አንስቶ በምላሱ ጫፍ ነካው።

ጨው ነው።

ከኋላው የሴትዮዋ ንባብ ቀጥ አለ። ራዲዮው ጥቂት አንሾካሸከና፣ ሌላ የሚያውቀው ድምፅ ከውስጡ መጣ።

«ገነነ» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ «ባሕርህ ዛሬስ ምን አለ?»