ከውስጥ ማን ይወጣል?

ሰውዬው የመዋኛ ገንዳውን አጥር በጣውላ ያስለበጠው ወዶ አይደለም። የጎረቤቱ ትንሽ ሴት ልጅ የአጥሩን አግዳሚ እንጨቶች እንደ መሰላል ረግጣ ገብታ ከሰመጠች በኋላ ተገዶ ነው። ያን ሰሞን ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ እንኳ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እናትየዋ የት ሄዳ ነበር?" ብሎ ነው የወጣው።

አናጢው የውጭውን ፊት ልሙጥ አድርጎ ጨረሰ።

"ጌታዬ፣ ከውጭ ድመት እንኳ አትወጣውም። በውስጥ በኩል ያሉትን አግዳሚዎችስ ልሸፍናቸው?"

"ምን በወጣኝ! ከውስጥ ማን ይወጣል?"

አናጢው ዕቃውን ሰበሰበ።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ሊዋኝ ፎጣውን ይዞ ሲወጣ ደጃፉ ላይ የትንሽ ልጅ እግር ርጥብ ዱካ አየ። ጣቶቹ ወደ ቤቱ ዞረዋል። "የማን ስድ ነው ደግሞ!" እያለ ዱካውን ወደ ኋላ ሲከተል አጥሩ ሥር ደረሰ። ልሙጡ ጣውላ ደረቅ ነው። የአጥሩን በር ከፍቶ ወደ ገንዳው ገባ። የውስጠኞቹ አግዳሚዎች ከታች እስከ ላይ ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ያው ትንሽ እግር ታትሟል።

ብቻውን ከሚኖርበት ቤት፣ ከባኞው በኩል፣ የልጅ ድምፅ በትሕትና ተጣራ።

"ጋሼ፣ ውሃው ሞልቷል። ይምጡ።"