ደጅ ላይ የፈለቀ ውሃ

ዓይናዲስ አንዲት ሽምብራ በሁለት ጣቷ ይዛ መሬት ላይ ከተሣለው የመንደሩ ካርታ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ወንዙ በአመድ፣ ገደሉ በጭራሮ፣ የእያንዳንዱ ሰው ቤት በሽምብራ ተወክሏል። ናዳ ያሰጋዋል ከተባለው ቤት አጠገብ ሁሉ ቀይ ዛላ በርበሬ ተቀምጧል። ዓይናዲስ ሽምብራዋን ከገደሉ ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ አኖረችና በአውራ ጣቷ ወደ አፈሩ ጫን አደረገቻት።

«እማማ፣ እዚያ እኮ ቤት የለም» አለች የናዳውን ስጋት ልታጠና ከጎንደር የመጣችው ባለሙያ።

ካርታውን የከበበው መንደርተኛ ሁሉ አቀረቀረ። አምና በነሐሴ የዓይናዲስን ልጅ ከነቤቷ ናዳ የበላት እዚያ ነበር።

«ከመሞቷ በፊት ከግድግዳዋ ሥር ውሃ ፈለቀላት» አለች ዓይናዲስ፣ ዓይኗን ከሽምብራዋ ሳትነቅል። «እንስራ ተሸክሞ ቁልቁል መውረድ ቀረልኝ ብላ ላከችብኝ። ሄጄ እልል አልሁላት። ለካ መሬቱ ሊናድ ሲል ነው ውሃ የሚተፋው።»

አያ ስማቸው ከተቀመጡበት ድንጋይ ቀስ ብለው ተነሡ። ቤታቸው አያሰጋውም ተብሎ የታለፈ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ዛላ በርበሬ አንሥተው ከራሳቸው ሽምብራ አጠገብ አስቀመጡ።

«እኔም ጓሮ ሰሞኑን ፈልቋል» አሉ። «የማርያም ስጦታ ነው ብዬ ነበር።»

ባለሙያዋ ማስታወሻዋን ገለጠች። ዓይናዲስ ግን ቀና ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው።

«ይጣፍጣል፣ አያ?»

«ሸጋ ውሃ ነው።»

«የእሷም ሸጋ ነበር» አለች።