ለመጨረሻ የተያዘ ጥያቄ

ኤልያብ ጥያቄውን ለማንም ሳይተነፍስ ሳምንቱን ሙሉ ይዞት ከረመ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኧርቪንግ ከተማ ወደ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ሲነዳ ግን አላስችል አለው፤ አጠገቡ ለተቀመጡት ለአባቱ አወጣው።

አቶ ፍቃዱ የስኳር መርፌያቸውን ተወግተው፣ ምሳቸውን ቀምሰው፣ ለልጃቸው ክብር ሲሉ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር የወጡት። ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ሲገፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱንና ሆስፒታሉን ለሚያስተዳድረው ካውንቲ ኮሚሽነርነት ከሚወዳደሩት መካከል ሁለቱ የአገር ልጆች ናቸው፤ የመንገድ መሐንዲሱ ኤልያብና ነርሷ ትርንጎ። ድምፃችን ከተከፈለ ሁለቱም ይወድቃሉ ብሎ የሰጋው ኮሚኒቲ ሁለቱን በዚህ እሑድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊሰማና ከአንዳቸው ጀርባ ሊቆም ወሰነ። ያልተመረጠው ራሱን ከውድድሩ ያወጣል። ሁለቱም ለዚህ ቃል ገብተዋል።

ኤልያብ በዕውቀቱ አይታማም። የትኛው መንገድ በዝናብ እንደሚጥለቀለቅ፣ የትኛው ድልድይ እንደደከመ ያውቃል። ሰው የሚወደው ግን ትርንጎን ነው። በየቤቱ የታመመ ጠይቃለች፤ የሆስፒታል ደብዳቤ ተርጉማለች፤ ከሐኪም ጋር ተሟግታለች። ይህን እያሰበ ሲጨነቅ ነው አንድ የማያውቀው ሰው ኮል ያደረገለት። ድሮ ከእሷ ጋር አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ይሠራ የነበረ ነው።

«ከክሊኒኩ መድኃኒት አውጥታ ነው የተባረረችው» አለ ኤልያብ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ለማን እንደሸጠችው እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ሶ፣ ዛሬ ሕዝብ ፊት እጠይቃታለሁ።»

አባቱ መቼ የሆነ ነገር እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ሂውስተን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በነበረበት ጊዜ ገደማ መሆኑን ነገራቸው።

«ያባረሯት በዚያ ምክንያት ነው?»

«በዚያ ነው አባዬ። ሰውየው እዚያው ነበር።»

አቶ ፍቃዱ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ኤልያብ ስኳራቸው ወርዶ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ደህና ነኝ አሉት። ፓርክ አድርጎ ሊወርድ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ተወው ልጄ። አንተ ስለ መንገድህ ተናገር፤ ይበቃሃል።»

የሽማግሌ ነገር፣ ገበና መሸፈን ይወዳሉ ብሎ አለፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መቀመጫ የጠፋው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ኤልያብ አባቱን ፊት ለፊት ሊያስቀምጣቸው ቢል እምቢ ብለው ከኋላ ተቀመጡ። መድረኩን የምትመራው ስርጉት ቢመረጡ ምን እንደሚያስቀድሙ ሁለቱንም ጠየቀች። ኤልያብ ስለ መንገድና ስለ ጎርፍ ተናገረ፤ በጨዋነት ተጨበጨበለት። ትርንጎ የካውንቲውን ሆስፒታል በጀት አነሳች። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቤቱ ተኝቶ የሚሞትበት ጊዜ ማብቃት አለበት አለች። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር አጨበጨበ።

በመጨረሻ እርስ በርስ አንዳንድ ጥያቄ እንዲጠያየቁ ተፈቀደ። ትርንጎ ስለ መንገድ ግብር ጠየቀችው፤ አሳምሮ መለሰ። ተራው የእሱ ሆነ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ የሕዝብ ንብረት ሊረከቡ ነው» አላት። «ከክሊኒክ የተባረሩት መድኃኒት አውጥተው ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ስርጉት ልታስቆመው እጇን አነሳች፤ ትርንጎ ግን ይጠይቅ አለች። ዓይኗ በሰዉ ላይ ዞሮ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ቆመ። ከዚያ አቀረቀረች።

«አውጥቻለሁ። አልሸጥኩም። ለማን እንደሰጠሁት ግን አልናገርም።»

ጉምጉምታው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። ኤልያብ ስም አይጥሩ፣ ምክንያቱን ብቻ ይንገሩን አላት።

«ምክንያቱን ከተናገርኩ ሰውየው ይታወቃል። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ስርጉት የምትጨምረው ካለ ደግማ ብትጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ የትርንጎ ስም ያለበትን ባጅ ከደረቱ ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሌሎችም ተከተሉት። ኤልያብ አየ። የድል ስሜቱ ውስጥ ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ተሰማው፤ ቢሆንም ዋጠው። ሰው ማወቅ ያለበትን ማወቅ አለበት።

ስርጉት ሰዉ እጁን አውጥቶ እንዲመርጥ ልትጠይቅ ስትል አቶ ፍቃዱ ከኋላ ተነሱ። የወንበሮቹን መደገፊያ እየያዙ በመካከል መጡ። ሰዉ የተወዳዳሪው አባት ናቸው፣ ስለ ልጃቸው ሊመሰክሩ ነው እየተባባለ አሳለፋቸው። ስርጉት ማይኩን ሰጠቻቸው። ትርንጎ «ይቅርብዎት» ስትላቸው በቅርብ ያሉት ሰሙ፤ ልጃቸውን ፊት ለፊቷ እንዳያሞግሱባት ፈርታ መሰላቸው።

ኤልያብ ኮቱን አስተካክሎ ቀና አለ። አባቱ በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም።

አቶ ፍቃዱ ሕዝቡንም ትርንጎንም አላዩም፤ ያዩት ልጃቸውን ነው።

«ኤልያብ፣ መድኃኒቱን የሰጠችው ኢንሹራንስ ላልነበረኝ ለእኔ ነው፤ አንተ ሰምተህ ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ፣ እሷ ለማንም እንዳትናገር ያስማልኳትም እኔ ነኝ።»